ዘጠኝ ባለቤትና አንድ ደወል

ሐምሌ 6 ቀን 1973

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ይህ የእንጨት ሥራ ቤት ባለቤት የሌለው አይደለም። ዘጠኝ ባለቤት አለው። ስምንቱ ባለሙያዎች፣ ዘጠነኛው እኔ... ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ የማኅበሩ ጸሐፊ። የቀድሞው አሠሪያቸው ዕቃውን ለማኅበሩ ሸጦ አዲስ አበባ ከገባ ወራት አልፈዋል።

ዛሬም እንደ ትናንቱ። በሩ ክፍት፣ መጋዙ የተሳለ። ሰዎቹ ግን ደጃፍ ላይ ቆመው ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ምን ትጠብቃላችሁ? አልኩ። ባፈና ሳቀ፤ ከአናጢዎቹ አንጋፋው ነው።

"ጀምሩ የሚለን የለማ፣ መምህር!"

ሐምሌ 9

ጓድ ኃይለሚካኤል ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት መጣ። ድሮ አስተምሬዋለሁ። ለአዲሱ ትምህርት ቤት ስልሳ ዴስክ አዘዘን። እስከ ጳጉሜን ካልደረሰ አውራጃው በውሰት የሰጠን መሰንጠቂያ ማሽን ይወሰዳል። ማሽኑ ከሄደ ማኅበሩም አበቃለት... ስምንቱም ተመልሰው ቅጥረኛ።

"እስቲ ያለ አለቃ የሚሠራ ሰው እናያለን" አለ ሲወጣ።

ቫርኒሽ ቀቢያችን ትርፊት አልቻለችም። "አለቃ ዴስክ ይሠራል እንዴ፣ ጓድ?"

ሐምሌ 11

መፍትሔ ተገኘ! መናኸሪያው አጠገብ ካለ ጋራዥ የተጣለ የመኪና ቸርኬ ለምኜ አመጣሁ። ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ ሰቀልኩት። ልክ ሁለት ሰዓት ላይ በብረት መታሁት። ሁሉም ገቡ። እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? ዕድሜዬን ሙሉ በደወል ኖሬ...

ሐምሌ 25

ደወሉ ይሠራል። ዴስኮቹ መቆም ጀምረዋል። ግን ለምን ሁሉም ነገር ወደ እኔ ይመጣል? "መምህር፣ ምስማር ልግዛ?" "መምህር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?" ይህን ያለው ጠና ነው። የስድስት ልጆች አባት! እየቀለደ ይሆን? አይመስለኝም።

ነሐሴ 8

ከዳምቦያ ተመለስኩ። የአክስቴ ልጅ ሞታ ለቅሶ ደርሼ። አብራኝ ያስተማረችው ወለተ ማርያም እዚያው ናት። እዚያም ልብስ ሰፊዎች አሠሪያቸው ሱቁን ዘግቶባቸው ሥራ ፈትተዋል። ማኅበር ይመሥርቱ አልኳት። ሳቀችብኝ። "ያንተውም ማኅበር መስቀልን አያይም!" ስከራከራት አመሸሁ።

ግቢ ስገባ ምን ባይ ጥሩ ነው? ከሄድኩ ወዲህ አንድ ዴስክ አልቆመም።

"ደዋዩ የለማ" አለኝ ባፈና።

ከእናንተ አንዱ አይመታውም ነበር?

"እርስዎ የሰቀሉትን ማን ይንካው?"

አንዱን ጌታ ሸኝተው ሌላ አገኙ... እኔን።

ነሐሴ 9

ስብሰባ። በየተራ እንደውል የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። በጥንቃቄ ያዘጋጀሁት ነበር። ትርፊት እጇን አነሳች።

"መምህር፣ ደወል ለተማሪ ነው። ይውረድልን።"

ባፈናም ቀጠለ። "እንሰት ስንተክል ማን ይደውልልናል? ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል። የቀረ ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። እዚህስ ምን ይለያል?"

ድምፅ ተሰጠ። ይውረድ፣ ስምንት። ይቆይ፣ አንድ። አንዱ እኔ።

"ተሸነፉ፣ መምህር!" ሳቁብኝ። ቅር አለኝ? ትንሽ... ቤቴ ስደርስ ግን ብቻዬን ሳቅሁ። እኔ ያልኩትን ጥለው የራሳቸውን ወሰኑ! ከዚህ በላይ ምን እፈልግ ነበር?

ነሐሴ 10

ሁለት ሰዓት አልሞላም። የመላጊያውን ድምፅ ከመንገድ ሰማሁት።

ነሐሴ 28

ነፋሱ የሥራ ቤቱን ቆርቆሮ ገነጠለ። የደረቀው ጣውላ ሊበሰብስ ነው ብዬ እየሮጥኩ ስደርስ ጠና ጣሪያው ላይ ወጥቶ ምስማር ይመታል። ዝናብ ላዩ ላይ ይወርዳል። ማን ላከህ?

"በገዛ ቤቴ ማን ይልከኛል?"

ሽንት ቤት ልሂድ ወይ ያለኝ ጠና!

ጳጉሜን 4

ስልሳውም አለቀ! ጓድ ኃይለሚካኤል እያንዳንዱን ይዞ ነቀነቀ። የሚወዛወዝ አጣ።

"ርክክቡን የሚፈርመው ማነው?"

"እኔ። ዛሬ የመፈረም ተራው የእኔ ነው" አለ ባፈና።

"መምህርስ የት አሉ?"

"ቫርኒሽ እየቀቡ ነው" አለች ትርፊት። እውነቷን ነው። የመጨረሻውን ዴስክ ይጨርሱ ብላ ያስቀመጠችኝ እሷው ናት። እጄ ቡናማ ሆኖ ወጣሁ። ኃይለሚካኤል ከት ብሎ ሳቀ። ማሽኑ እዚሁ ይቀመጥ አለ። ለሀደሮ ትምህርት ቤትም ዴስክ አዘዘን።

ዴስኮቹ ሲጫኑ ትርፊት ቸርኬውን አንስታ መሀላቸው ወሸቀችው። "ለልጆቹ ይሁን።"

መስከረም 19 ቀን 1974

ጠዋት ከትምህርት ቤቱ በኩል ያ ቸርኬ ጮኸ። ልጆች ሲሮጡ ይሰማል። ሥራ ቤት ውስጥ ማንም ቀና አላለም። ቀድመው ጀምረዋል።

ለወለተ ማርያም የጻፍኩትን እዚህም ላስቀር።

"መስቀልን አይተናል። የሀደሮንም ሥራ ይዘናል። ለልብስ ሰፊዎቹ ንገሪያቸው። ባፈናና ትርፊት መጥተው ያነጋግሯቸዋል። እኔ እቀራለሁ፤ ደዋይ አያስፈልጋቸውም። የትኛው ቀን ይመቻቸዋል? በዚህ ሳምንት በሚመጣው አውቶቡስ መልሱን ላኪልኝ፤ ሁለቱ ጓዛቸውን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ።"