ልጄን በቡድን ላሳለፉልኝ ዲን

ለተከበሩ የኮሌጁ ዲን
አሰላ

አላህ ጤናዎን እንደ ጭላሎ ተራራ ያጽናልዎ፤ ቤተሰብዎም በሰላም ይክረም። እኔ የሁሩታ ነዋሪ፣ በኮሌጅዎ ተምራ ዘንድሮ የመውጫ ፈተናውን የወደቀችው የኢስራ ሚፍታ እናት ነኝ። ኢስራ ጆሮዋ በደንብ ስለማይሰማ ንግግር የምትረዳው የተናጋሪውን አፍ እያየች ነው፤ ይህንንም ስትመዘገብ ለቢሮዎ አስታውቀናል። ስለተደረገላት ሁሉ በአደባባይ ላመሰግንዎ ይገባል።

፩ኛ፦ መምህር ዲሪባ ኖት የሚያስጽፉት ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ነው። ልጄ ጀርባቸውን በሚገባ አጥንታለች። በፈተናው ስለ ጃኬታቸው ጥያቄ አለመውጣቱ የኮሌጁ ጥፋት አይደለም።

፪ኛ፦ ማንንም ወደ ኋላ ስለማይተው ትምህርት ለመምህራን ሥልጠና መስጠትዎን ሰምቼ ተደስቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ኢስራ “ተካትታለች” ተባለ፤ ይኸውም ስሟ በአንድ ለአምስት ቡድን ውስጥ ተጽፎ ነው። የቡድኑ መሪ ለሊሳ ጨዋ ልጅ ነው፤ “አንቺ አትቸገሪ፣ እኔ እሠራዋለሁ፣ ስምሽ አለበት” ይላት ነበር። እሱ ይሠራል፣ ውጤቱ የሁሉም ይሆናል። ምን እንደገባት ግን የጠየቃት የለም፤ ተማሪ ማሳፈር ስለማትወዱ ይሆናል። እኔም የሚመጣውን ውጤት እያየሁ በጎረቤት ፊት ስኮራ ከረምኩ። በመውጫ ፈተናው ዕለት ለሊሳን አጠገቧ አላስቀመጡላትም፤ ይህን ጭካኔ ኮሌጅዎ እንደማያደርገው አውቃለሁ።

፫ኛ፦ ከመሠረተ ትምህርት ያላለፍኩ ሴት ስለሆንኩ የማነበው የዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ነው። አንዱ ላይ፣ ሰው የተማረውን ከራሱ አውጥቶ ሲናገር፣ ሲሳሳትም በጊዜው ሲታረም ይበልጥ ይይዘዋል ይላል። ቀሪው ተቀዷል። የጎደለውን ኮሌጁ ያውቀዋል ብዬ ነበር።

ይህን የምጽፈው የሚለወጥ ነገር አለ ብዬ አይደለም። ኢስራ መጻሕፍቷን ለሰው ሰጥታ ጨርሳለች፤ “እኔ ለትምህርት አልተፈጠርኩም” ትላለች። በኮሌጅዎ ቆይታዋ ያለ ቡድን፣ ብቻዋን፣ አጥርታ የተማረችው ይህን ነው።

ለሰሌዳውም ለሥልጠናውም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን በትሕትና የምለምን፣

ሀሊሜ ከዲሮ
ከሁሩታ

ማስታወሻ፦ ፈተናውን ለወደቁ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ስላዘጋጁ አመሰግናለሁ። ኢስራም ተጠርታ እንደነበር፣ መልስ ስላልሰጠች ግን ቦታዋ ለሌላ እንደተሰጠ ጸሐፊዎ በአክብሮት ነግረውኛል። የተጠራችው በስልክ ነው።