«ስለሚመጣው መንግሥት» የተባለው የማስተማሪያ ደብተሬ

የካቲት 19 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለአውራጃው አስተዳዳሪ ጽሕፈት ቤት
ቆቦ

ጉዳዩ፦ በቀበሌያችን ኮሚቴ የተያዘብኝ የነገረ መለኮት ማስተማሪያ ደብተር እንዳይቃጠል ስለመጠየቅ

የተከበሩ ጓድ አስተዳዳሪ፣

ውዱ ሙላው እባላለሁ። ዕድሜዬ 68 ነው፤ ከባለቤቴ ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ጋር በቆቦ ከተማ እኖራለሁ። በዚህ ጉዳይ ለቀበሌያችን ሊቀመንበር ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቼ መልስ ስላጣሁ ወደ እርስዎ መጥቻለሁ።

1. የተወለድኩት ጎብዬ አጠገብ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ አራት ዓመቴ፣ ጣሊያን በዋጃ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ሲያሠራ፣ አብሮኝ ድንጋይ ይፈልጥ ከነበረ አንድ ዲያቆን ነው። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት ያለ አስተማሪ ነው፤ እንግሊዝኛውንም ከመዝገበ ቃላት አገኘሁት። የወንጌላውያንን እምነት ከተቀበልኩ በኋላ ከ1949 እስከ 1969 ዓ.ም. በደቡብ በነበረ የቤተ ክርስቲያናችን ኮሌጅ ነገረ መለኮት አስተምሬአለሁ። ተማሪዎቼ ፕሮፌሰር ይሉኝ ነበር። የምስክር ወረቀት ስለሌለኝ ይህን ስም ከስሜ በፊት ጽፌው አላውቅም፤ አሁንም አልጽፈውም። ኮሌጁ ተዘግቶ ግቢው ለሌላ ሥራ ሲሰጥ መጻሕፍቴን ትቼ ይህን አንድ ደብተር ብቻ ይዤ ወደ አገሬ ተመለስኩ። 312 ገጽ ነው። ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ዓይኔን ሞራ ስለሸፈነው እንደገና ልጽፈው አልችልም። ይህን ማመልከቻ ለመጻፍ እንኳ አራት ቀን ፈጅቶብኛል።

2. ጥር 14 ቀን የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ ሙሉጌታ ቤት ሊመዘግቡ መጥተው ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አዩት። ሽፋኑ ላይ «ስለሚመጣው መንግሥት» ይላል። «አባቴ፣ የሚመጣው የትኛው ነው? ያለውስ የት ሊሄድ ነው?» አሉኝ። ተቀመጡና ላስረዳዎ ብላቸውም ብብታቸው ሥር አድርገውት ወጡ። በማግሥቱ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። በቃለ ጉባኤው ላይ «በሥልጣን ላይ ያለውን የሚተካ መንግሥት እንደሚመጣ ሲያስተምር የኖረ» ተብሎ ተጽፎብኛል።

ጎረቤቴ ሸህ ከማሉዲን ሳይጠሩ መጥተው መሰከሩልኝ። «በሃይማኖት አንድ ቀን ተስማምተን አናውቅም፤ ሲከራከረኝ ነው የኖረው። ግን ወላሂ፣ ይህ ሰው አህያ ጭኖ እንኳ ገበያ ሳይደርስ ጭነቱ ይገለበጥበታል። መንግሥት የሚገለብጠው በየትኛው እጁ ነው?» አሉ። ኮሚቴው ሳቀ። ስለ አህያው የተባለውን አልቀበልም፤ ስለ ምስክርነቱ ግን አመሰግናለሁ።

3. ሳቁ ሲያበቃ ሊቀመንበሩ ጓድ ሞላ መፍትሔ አቀረቡልኝ። «መንግሥት የሚለውን ይሰርዙና መንግሥተ ሰማያት ይበሉት፤ ይፈርሙና ደብተርዎን ይዘው ይግቡ። እሷ የሙታን ናት፤ ማንንም አትነካም» አሉኝ።

ይህን በቅንነት እንደተናገሩ አልጠራጠርም። እኔ ግን አልፈረምኩም። ሕዝባችን መንግሥተ ሰማያት ሲባል ሰው ሲሞት የሚሄድበት ቦታ ይመስለዋል። ሃያ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ የታገልኩት ከዚሁ ስህተት ጋር ነው። በጸሎታችን «መንግሥትህ ትምጣ» እንላለን፤ ወደ መንግሥትህ እንሂድ አንልም። የምትመጣው እዚሁ፣ ማሽላ በሚዘራበትና ገበያ በሚቆምበት ምድር ላይ ነው። ይህን ቃል ከለወጥኩ የሚመለስልኝ ደብተር የእኔ አይደለም።

ባለቤቴ በዚህ አልተስማማችም። «አንድ ቃል አይደለም እንዴ? ስጣቸውና ደብተርህን አምጣ፤ ቤትህ ገብተህ እንደፈለግህ አንብበው» ብላኛለች። እምቢ ካልኳት ወዲህ ምግብ ታቀርብልኛለች እንጂ አታናግረኝም። አርባ አንድ ዓመት በትዳር ኖረን እንዲህ ሆነን አናውቅም። ይህን የምጽፈው ጉዳዩ ቤቴንም እንደነካው እንዲታወቅልኝ ነው።

4. የካቲት 12 ቀን በደረሰኝ ደብዳቤ እስከ የካቲት 30 ቀን ካልፈረምኩ ደብተሩ እንደሚቃጠል ተገልጾልኛል። የቀረኝ አሥራ አንድ ቀን ነው።

ለመዳን ብዬ ደብተሩ ይህን መንግሥት አይመለከትም ልልዎ እችል ነበር። ውሸት ይሆንብኛል። የንጉሡም፣ የጣሊያንም፣ የዛሬውም፣ የሰው መንግሥት ሁሉ ያልፋል ይላል። በንጉሡ ዘመን አንድ ሹም ይህንኑ ጠይቆኝ ይህንኑ መልሼለታለሁ። አመፅ ግን የለበትም። የእግዚአብሔርን መንግሥት ሰው በጠመንጃ አያመጣትም የሚል አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው፤ ከገጽ 140 እስከ 188 ነው።

ያንን ምዕራፍ ከኮሚቴው ማንም አላየውም። ደብተሩን ሁልጊዜ በክር አስሬ ነው የማስቀምጠው። የካቲት 15 ቀን ለአቤቱታ ቀበሌ ስሄድ ከጓድ ሙሉጌታ ወንበር ጀርባ መደርደሪያ ላይ አየሁት። ተጠግቼ በጣቴ ዳሰስኩት፤ ክሩ እኔ እንደቋጠርኩት ነው።

ስለዚህ ደብተሩ አንድም ቃል ሳይለወጥበት እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ይህ አይቻልም ከተባለ፣ ከመቃጠሉ በፊት ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ሰው ተመድቦ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እንዲያነበው እለምናለሁ። የእጅ ጽሑፌ ስለሚያስቸግር አጠገቡ ተቀምጬ የማይነበበውን በቃሌ እነግረዋለሁ፤ እስኪጨርስም አልከራከረውም። አንብቦ ጥፋት ካገኘብኝ ገጹን ጠቅሶ ይክሰሰኝ፤ ቅጣቱን እቀበላለሁ። በማስተማር ዘመኔ መጽሐፉን ያላነበበ ተማሪ አሳልፌ አላውቅም። ያላነበበ ፈራጅም አልቀበልም።

መልስዎን እስከ የካቲት 30 እየጠበቅሁ፣
ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ውዱ ሙላው