ከመርፌው በኋላ የሚመጣው ብርድ

ሰኞ

ምልምሉ ገመቹ ሞተ። የወጋሁት እኔ ነኝ።

ረፋዱ ላይ ፔኒሲሊን ሰጠሁት። ብዙም ሳይቆይ በረደኝ አለ። ከዚያ ያንቀጠቅጠው ጀመር፤ የሽቦ አልጋው አብሮት ይንኳኳል። ያለንን ብርድ ልብስ ሁሉ ደረብኩበት። ቀጥሎ እንደ እሳት ነደደ። ቀጥሎ ላብ። ቀጥሎ የእጁ ትርታ ከጣቴ ስር ጠፋ።

ጦሩ የራሱን የሕክምና ክፍል ካቋቋመ ገና ቅርብ ጊዜ ነው። እዚህ አሰላ ዳር፣ በምልምሎች ሰፈር፣ የሕክምና ክፍል የሚባለው አንድ ድንኳን፣ መርፌ የምቀቅልበት የላምባ ምድጃና እኔ፣ ከደሴ የመጣሁት የሐኪም ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ነን። ሐኪሙ አዲስ አበባ ናቸው። መንገዱ ጨቅይቶ ካሚዮን አያልፍም።

በሽታው ግርሻ ነው። ቅማል ያመጣዋል። ትኩሳቱ ይለቅና ሰውየው ዳንኩ ሲል ተመልሶ ይጥለዋል። ስንማር ተነግሮናል፤ መድኃኒቱ በሽታውን ሲገድል ሰውነት ይናወጣል፣ ያንን የማይችል አለ። ተነግሮናል። ማየት ግን ሌላ ነው።

ማክሰኞ

ድንኳኔ ማንም አልመጣም። ጠዋት ሰልፍ ላይ የወደቁ ነበሩ፤ ጓደኞቻቸው አንስተው ደበቋቸው። ወጥ ሰሪው፣ “መርፌው ነው የገደለው እያሉ ነው” አለኝ።

የሰፈሩ አዛዥ ሻለቃው አስጠሩኝ። የገመቹ አባት ከአገሩ ከጮሌ እየመጡ ነው።

“መርፌ ሳይወጋ ነው የሞተው ትላቸዋለህ” አሉኝ። “ይሄ ክፍል ገና ዳዴ እያለ ነው። ወሬው ከወጣ ይዘጋብናል።”

ክፉ ሰው አይደሉም። በጠላት ጊዜ ጫካ ውስጥ የጓዶቻቸው ቁስል ሲተላ አይተዋል። ለሰፈሩ ድንኳንና ድሬሰር ይሰጠን ብለው ደጅ የጠኑት እሳቸው ናቸው።

“እሺ ጌታዬ” አልኩ።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። የምልምሎቹን ልብስ ስንቀቅል ዋልን። የቅማሉ ዱቄት፣ ዲዲቲው፣ አልቋል። የተቀቀለው አልደርቅ አለ፤ እርጥቡን ለብሰው ይስላሉ።

ቱፋ ታመመ። የገመቹ የአገሩ ልጅ ነው፤ አብረው ነው የተመለመሉት። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። መርፌውን ሲያይ ክንዱን ከደረቱ ስር ደበቀ።

“ዶክተር፣ በሞቴ ተወኝ። ከሞትኩም በበሽታው ልሙት።”

ሰው ጠርቼ አስይዤ ልወጋው እችል ነበር። አላደረግኩትም። እውነቱን ልጻፍ፤ እምቢ ሲለኝ ደስ አለኝ።

ሐሙስ

የገመቹ አባት ኦቦ ሁሴን በበቅሎ ደረሱ። ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ። ጋቢያቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። አማርኛቸው ከእኔ ኦሮምኛ ይሻላል።

መቃብሩን አሳየኋቸው። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

“ልጄ ምን ሆኖ ሞተ?”

ሻለቃው ያሉኝን ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መርፌውን፣ ብርዱን፣ ላቡን።

“ባትወጋውስ ይተርፍ ነበር?”

“አላውቅም አባቴ። ሳይወጉ የሚሞቱት ይበዛሉ። የእሱን ግን አላውቅም።”

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዝናቡ ሲመታቸው እንኳ አልተነሱም። በመጨረሻ፣ “ቱፋስ?” አሉ።

ወሰድኳቸው። አጠገቡ ቁጭ ብለው በኦሮምኛ አናገሩት። ገሚሱን ነው የሰማሁት። “ለእናትህ ምን ብዬ ልንገራት?” ሲሉት ሰማሁ። ቱፋ አለቀሰ። ከዚያ ክንዱን አወጣ።

“ውጋው፤ እኔ እይዘዋለሁ” አሉኝ።

“ሊሞት ይችላል።”

“ነግረኸኛል እኮ።”

ወጋሁት። ብርዱ መጣ። ሽማግሌው አልጋው ላይ ወጥተው ከጀርባው አቀፉት፤ ሁለቱም አብረው ተንቀጠቀጡ። እኔ የእጁን ትርታ ይዤ ቀረሁ። ጠፋብኝ። ተመለሰ። እንደገና ጠፋብኝ። ሽማግሌው፣ “አለ?” ይሉኛል። እጁን እየዳሰስኩ እፈልጋለሁ። ከዚያ ከጣቴ ስር ቀጭን ነገር መታ።

“አለ” አልኳቸው።

ሳይመሽ እንቅልፍ ወሰደው። ኦቦ ሁሴን አሁንም አልለቀቁትም።

ዓርብ

ቱፋ ውሃ ጠየቀ። ቀጥሎ ሾርባ።

ቅማሉን ይዘው አገራቸው እንዳይገቡ የኦቦ ሁሴንን ጋቢ ቀቅዬ ሰጠኋቸው። ጨምቀው እርጥቡን ለበሱት። አልመረቁኝም፣ አልረገሙኝም። ቱፋን ግንባሩን ነክተው በቅሏቸውን ጫኑና ሄዱ።

ሻለቃው ሰምተዋል። አስጠሩኝ።

“ትእዛዝ ጥሰሃል።”

“አዎ ጌታዬ።”

“ሐኪሙ ሲመጡ እንነጋገራለን። አሁን ሂድ፣ ሰዎች ይጠብቁሃል።”

አልገባኝም ነበር። ስመለስ ተደብቀው የሰነበቱት ሕመምተኞች ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጠዋል፤ ጓደኞቻቸው ደግፈዋቸዋል። አንዱ እጅጌውን ሰብስቦ ጨርሷል።

“ቱፋን አየነው” አለኝ።

ለእነሱም ነገርኳቸው። ብርዱ እንደሚመጣ፣ አንዳንዱ እንደማይችለው። ማንም ከቦታው አልተነሳም።

ሁሉንም ወግቻለሁ። ይህን የምጽፈው አጠገባቸው ተቀምጬ ብርዱን እየጠበቅኩ ነው፤ እስካሁን በረደኝ ያለ የለም።