የሲፋን መረቅ

መቱ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ልጄ መሲ፣

አንቺ ካለሽበት የዱባይ ሙቀት ይህ የመቱ ዝናብ ጥቂት ቢደርስሽ ብዬ ተመኘሁ። ሰኔ ከገባ ወዲህ ፀሐይ አየን ቢባል ለአንድ አፍታ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርድ ሲሆን ጉልበቴን ይጠዘጥዘኛል እንጂ የማማርረው ነገር የለኝም። ልጅሽ ሲፋንም ደህና ናት። ስለ እሷ ግን በአንድ ቃል አላልፍም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው። የጎረቤታችን የጅራታ ልጅ እዚያው ሥራ አግኝታ ስለምትመጣ በእጇ ልኬልሻለሁ።

በሰኔ መጀመሪያ ስትደውዪ፣ ሲፋን ኖፓ ላሉት የአባቷ ወላጆች ትሰጥ ብላ አክስትሽ ሃይማኖት ያሰበችውን ደግመሽ ነገርሽኝ። "አባዬ፣ አንተ ብቻህን አትችላትም" አልሽኝ። ዝም ብዬ ሰማሁሽ። ዝም ያልኩት ግን ስለተስማማሁ አልነበረም። አሠሪሽ ስትጠራሽ ይሰማኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በጥድፊያ አይነገርም። መልሴ ይኸውልሽ፤ ሲፋንን አልሰጥም። ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ላጫውትሽ።

እናትሽ በጥር ከተቀበረች በኋላ ልጅቷ እህል አልቀምስ አለች። ለቅሶ ቤት ሰው ይበዛልና መጀመሪያ ማንም ልብ አላላትም። እንግዳው ሲበተን ነው ያስተዋልኩት። ሃይማኖት ከሁሩሙ መጥታ ስትሰነብት ዶሮም ጨጨብሳም ሠራችላት። ልጅቷ አፏን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። "የእማማ አይደለም" ትላለች፣ አያቷን ማለቷ ነው።

ሃይማኖት የራሷ ቤት፣ ቡናና ንብ ያላት ሴት ናት፤ ሁልጊዜ እኛ ዘንድ ልትቀመጥ አትችልም። ስትሄድ እኔና ሲፋን ቀረን። ታውቂኛለሽ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የግብርና ቢሮ መኪና ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። የበላሁትም ወይ መንገድ ዳር ሆቴል ወይ ከእናትሽ እጅ ነው። እሳት ማያያዝ እንጂ ድስት መጣድ አላውቅም ነበር። ከሆቴል እያመጣሁ ባቀርብላትም አልነካ አለች። እየከሳች ስትሄድ ሆስፒታል ወሰድኳት። ነርሷ መዝና መረመረቻትና "አባባ፣ ሕመም የለባትም፤ ማብላት ነው ያለብዎት" አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። እንዴት እንደማበላት ግን አልነገረችኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አፈርኩ።

በዚያ ሰሞን ቁም ሳጥን ስከፍት፣ በሰው በሰው የላክሻቸውን የሾርባ ኪዩቦች አገኘሁ። እውነቱን ልንገርሽ፤ እናትሽ አልነካቻቸውም። በስልክ "እጅሽ ይባረክ፣ በሱ ነው የምሠራው" ስትልሽ እሰማለሁ፤ ስልኩን ዘግታ ደግሞ "በወረቀት የተጠቀለለ ጨው ነው፤ የኔ እጅ ምን ሆነና" ትለኛለች። እንዳትቀየሚያት። ጎረቤት ሲለምናትም "ልጄ የላከችልኝ ነው" ብላ አንድም አልሰጠች።

እኔ ግን እጅ የለኝም። ስለዚህ ካርቶኑን ከፈትኩት። ድንች ላጥኩ፣ ካሮትና ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ሁለት ኪዩብ ወርውሬ ጨመርኩ። እናትሽ ሁልጊዜ ጨው ስትጨምር አያት ስለነበር ጨውም ጨመርኩበት። ስቀምሰው ምላሴ ተቃጠለ፤ በር ላይ ወጥቼ ተፋሁት። ሲፋን ከኋላዬ ሳቀች። መሲ ልጄ፣ ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ስሰማት ያን ጊዜ መጀመሪያዬ ነው። እዚያው ዝናቡ ላይ ቆሜ፣ ከእንግዲህ ማጀቱን አልለቅም አልኩ።

በማግስቱ ዘዴዬን ለወጥኩ። ግማሽ ኪዩብ ፈርፍሬ በሙቅ ውሃ አሟሟሁ፣ ጨው የሚባል ነገር አላስጠጋሁም፣ ሽንኩርቱ በደንብ ከበሰለ በኋላ አፈሰስኩበትና ሩዝ ጨመርኩ። እንድትበላ አልለመንኳትም። ሳህኔን ይዤ ለብቻዬ መብላት ጀመርኩ። ትንሽ ቆይታ መጥታ ጎኔ ቆመች፤ ከኔ ሳህን በማንኪያ ቀመሰች። ከዚያ የጎረቤት ልጆች ባስተማሯት ኦሮምኛ "ሚያዋ" አለች፤ ይጣፍጣል ማለቷ ነው። የእማማ ነው አላለችም፤ የእማማ አይደለምም አላለችም።

ከዚያ ቀን ወዲህ መብላት ጀመረች። ኪዩቡን መኮሮኒ ላይ፣ ምስር ላይ፣ ጎመን ላይ ሞከርኩት። የዕድር ሰዎች "ዲበኩሉ መሪውን ትቶ ማማሰያ ጨበጠ" እያሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ። ልጅቷን ወደ ነርሷ መልሼ ስወስዳት ኪሎዋ ጨምሯል። ነርሷ ደስ አላትና ምን እንደማበላት ጠየቀችኝ። ኩራት ተሰምቶኝ ኪዩቡን ሳወራላት ግን ፊቷ ቀዝቀዝ አለ። ጨው ይበዛበታል፣ ለትንሽ ልጅ አልፎ አልፎ ነው እንጂ በየቀኑ አይሆንም አለችኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ሆኜ፣ እንደገና ወደ ዱሮው ልንመለስ ነው ብዬ ሰጋሁ። ቤት ገብቼ የኪዩቡን ወረቀት አገላብጬ አየሁት። የሥጋ መረቅ ነው፣ ሽንኩርት ነው፣ ጨው ነው። ጨውን ተዪውና ሌላው መቱ ገበያ የማይገኝ ነገር አይደለም። በነጋታው ከሥጋ ቤት የበሬ አጥንት አስፈልጬ አመጣሁ። በትልቁ ድስት ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከካሮት ጋር ጣድኩት። ውሎ ውሎ ሲበቃው አጠለልኩና መረቁን ብቻ መልሼ ጣድኩት፤ እስኪወፍር፣ ማንኪያ ላይ እስኪጣበቅ ድረስ። የመጀመሪያውን ለዕድር ስብሰባ ብዬ ብቅ ስል አሳረርኩት። ቤቱ ሁለት ቀን ሙሉ ሸተተ። በሁለተኛው ከድስቱ አጠገብ ንቅንቅ አላልኩም። ሲበርድ እንደ ማርመላታ ረጋልኝ! በቢላዋ ቆራርጬ፣ ጅራታ ለስላሳ የሚሸጥበት ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። አሁን ከዚያ አንድ ቁራጭ አውጥቼ በሙቅ ውሃ አሟሙቼ ሾርባ ላይ ወይም ሩዝ ላይ ማፍሰስ ብቻ ነው። የሰኔ ጾም ሲገባ ደግሞ ለኔ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ካሮት በዘይት አብስዬ፣ ፈሳሹ እስኪያልቅ አማስዬ ሌላ አዘጋጀሁ። ለሁለት ሰው ሁለት ድስት ይጣዳል ማለት ነው፤ የለመድኩት ሥራ ሆኗል።

አንቺ የደወልሽው ይኼኔ ነው። በሳምንቱ የሲፋን አያት ኦቦ ሰቦቃ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ከኖፓ መጡ። ሃይማኖትም ከሁሩሙ ደርሳ ነበር። ኦቦ ሰቦቃን በክፉ አላያቸውም። ልጃቸው ነመራ ጁባ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ ትከሻቸው ወርዷል። ከተቀመጡ በኋላ እንዲህ አሉኝ።

"አቶ ዲበኩሉ፣ በቤቴ የነመራ የሆነ ነገር የለም። ይህቺ ልጅ ብቻ ናት ያለችን። ሴት ልጅ ደግሞ ያለ ሴት እንዴት ታድጋለች?"

ሃይማኖት እውነት ነው ብላ ራሷን ነቀነቀች። እኔ መጀመሪያ ምሳ እንብላ አልኩ። እሳቸው ጴንጤ ስለሆኑ አይጾሙም፤ በአጥንቱ መረቅ የበሰለውን ሩዝ ለሳቸውና ለሽማግሌዎቹ አቀረብኩ፤ ለሃይማኖት የጾሙን። ሲፋን አያቷ ጎን ተቀምጣ ሳህኗን ጨረሰችና ጨምርልኝ አለችኝ። ሃይማኖት ማን እንደሠራው ጠየቀች። ልጅቷ በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች። አክስትሽ ከዚያ በኋላ ቀና ብላ አላየችኝም።

ኦቦ ሰቦቃ ልጅቷን በኦሮምኛ፣ ከኛ ጋር ኖፓ ትሄጃለሽ ወይ አሏት። ጥጃ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። አለ አሏት። ወዲያው "እሄዳለሁ" አለች።

አልዋሽሽም። እስከዚያ ድረስ እምቢ ትላለች ብዬ ነበር የተማመንኩት። ግን ልጅ ናት፤ ጥጃ ማየት አማራት። የኔን ነገር በእሷ ትከሻ ላይ መጣል እንደማይገባኝ ገባኝና ራሴ ተናገርኩ።

"ትሂድ። ዕረፍት ሲሆን ትሂድ፣ ቋንቋዋንም ዘመዷንም ትወቅ። ቤቷ ግን እዚህ ነው። በጥር አፏን የዘጋች ልጅ ናት፤ አሁን እየበላች ነው። ከሚያበላት እጅ አልነጥላትም። ሽማግሌ ቢመጣም፣ እናቷ ራሷ ብትለኝም አልሰጥም።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኦቦ ሰቦቃ የሲፋንን ባዶ ሳህን አዩ። "ነመራ ትንሽ ሳለ እናቱ ታማብኝ ገንፎ ሠርቼለት ነበር፤ አልበላም አለኝ" አሉ። "አጎቱ ቤት ወሰድኩት። ሳመጣው ሌላ ልጅ ሆኖ ነው የመጣው።" ተነሥተው እጄን ጨበጡኝ። "እርስዎ ዘንድ ትቀመጥ። በክረምትና በገና ግን አንድ አንድ ሳምንት የኔ ናት።" በዚህ ተለያየን።

ጾሙ እንደተፈታ አያቷ መጥተው ለአንድ ሳምንት ወሰዷት። የመረቁን ቁራጮች በቆርቆሮ አሽጌ ላክሁላቸው። ትናንት በሚኒባስ ተመለሰች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ ጉንጯ ሞልቶ። ሴት አያቷ አዴ በየነች ቁራጩን እንዳለ ድስት ውስጥ ሲጨምሩ፣ "በሙቅ ውሃ ነው መጀመሪያ" ብላ እንዳስቆመቻቸው ኦቦ ሰቦቃ እየሳቁ ነገሩኝ።

እሷ በሌለችበት ሳምንት እጄ አልታዘዝ ብሎኝ በየቀኑ ለሁለት ሰው ነው የሠራሁት። የተረፈውን ለጅራታ ቤት ስሰጥ ሰነበትኩ። ቤቱ ለካ ሰፊ ነው።

ልጄ፣ እናት ሆነሽ ልጅሽን ለሰው ስጡ ማለትሽ ከጭንቀት እንደሆነ አውቃለሁ፤ በልብሽ አታኑሪው። ኮንትራትሽን ጨርሺ። እኛ እንጠብቅሻለን። ኪዩቡንም መላክ አትተዪ፤ ለደከመኝ ቀን ይሆነኛል። በመስከረም ሲፋን ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ምሳ ዕቃዋን ከአሁኑ ገዝቼላታለሁ።

ድንግል ማርያም በሰው ቤት ስትወጪ ስትገቢ ትከተልሽ። የአሠሪሽን ልብ ታራራልሽ። በገዛ እግርሽ ቆመሽ ወደ ገዛ ደጅሽ ታግባሽ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትደውዪ ሁልጊዜ ሲፋን በላች ወይ ትዪኛለሽ፤ ጠይቂ፣ ደስ ይለኛል። ከዚያ ቀጥለሽ ግን "አባዬ፣ አንተስ ምን በላህ?" በዪኝ። ከመንገድ በገባሁ ቁጥር እናትሽ ነበረች እንዲህ የምትለኝ። አሁን ጠያቂ የለኝም፤ መልሱ ግን አለኝ።

አባትሽ
ዲበኩሉ