ከአዲስ ዓለም እስከ ሆለታ የተኛው መስመር

ለውድ ወንድሜ ለነቢል ፈዲሉ፣ ጂዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ፣ ሥራውስ? አፍናን ከወለደች ወዲህ ተጠናከረች? ሕፃኑስ ያስተኛችኋል ወይስ እንደ አባቱ ሌት ተቀን ያለቅሳል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን የምጽፍልህ ደህና ያልሆነውን ልነግርህ ነው። በስልክ ያልነገርኩህ፣ በተደዋወልን ቁጥር አባባ አጠገቤ ስለሚቀመጥ ነው። ለዚህ ነው ወደ እናንተ በሚመጣው በፋሩቅ እጅ የላክሁት።

በዚህ ሴሚስተር ፕሮግራሚንግ እየተማርኩ ነው። መምህራችን ኦቦ ቶሌራ፣ ከዚህ እስከዚህ በአንድ ሕግ፣ ከዚያ ወዲያ በሌላ ሕግ የሚሄድ ፈንክሽን ጽፋችሁ ግራፉን በኮምፒውተር ሳሉ፤ ቁጥሩን ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሯችሁ አምጡ አሉን። እኔ አባባ ሰኞና ሐሙስ ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ የሚሄድበትን መንገድ መረጥኩ። እማማ በየከተማው ሲደርስ ካልደወለላት ሆዷ እንደማያርፍ ታውቃለህ። ስልኩን የማነሳው እኔ ስለሆንኩ ሰዓቱን መመዝገብ አላስቸገረኝም። ከአምቦ ጊንጪ አንድ ሕግ፣ ከጊንጪ አዲስ ዓለም ሌላ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቀጣጠልኩት።

የመጀመሪያው ግራፍ መሳቂያ አደረገኝ። አባባ የሚነሳው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሆለታ የሚገባው ሁለት ሰዓት አልፎ ነው። እኔም ሰዓቱን እንደኛ አቆጣጠር እንዳለ አስገባሁት። ኮምፒውተሩ ምን ያውቃል፣ ሁለት ከአሥራ አንድ ያንሳል ብሎ መኪናው ከአምቦ ሳይነሳ ሆለታ አደረሰው! ከአሥራ አንድ በታች ለሆነው ሁሉ አሥራ ሁለት ደምር የሚል ሕግ ጨምሬ አስተካከልኩት።

ከአዲስ ዓለም እስከ ሆለታ ያለው መስመር ግን፣ ሰዓቱ እየሄደ መንገዱ ሳይገፋ፣ እንደተኛ ቀረ። ለአጭር መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል! እንደገና የተሳሳትኩ መስሎኝ ኮዱን ደጋግሜ አየሁት። ኦቦ ቶሌራ አይተውልኝ፣ ኮድሽ ጤነኛ ነው፤ መንገደኛውን ጠይቂ አሉኝ።

ጠየቅሁት። መጀመሪያ ጎማ ነው አለ፣ ቀጥሎ ፍተሻ ነው አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? የሦስት ሳምንቱን ግራፍ ፊቱ ዘረጋሁለትና አልለቅም አልኩ። ያኔ አንገቱን ደፋ። ለካ ፀሐይ ስትወጣ ፊት ለፊቱ ናትና ሁሉ ነገር ነጭ ይሆንበታል። መንገዱ ሲጠፋው ዳር ይዞ፣ ከፍ እስክትል ይጠብቃል። አንድ ሐሙስ ጋሪ ለጥቂት ስቷል። ነቢል፣ በጣም ፈራሁ።

እማማ አልቅሳ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። የዓይን ሞራ ነው፣ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይነሳል ተባለ። እሱ ግን ነቢል ከሰማ ሥራውን ጥሎ፣ አራስ ሚስቱን ትቶ ይመጣል ብሎ እምቢ አለ። እንዳልነግርህም አስጠነቀቀኝ። ይኸው ነገርኩህ፤ ይቆጣኝ።

እንድትመጣ አልጠይቅህም። ደውለህ፣ አልመጣም፤ ግን ዓይንህን ሳትታከም መሪ እንዳትይዝ በለው። የእኔን ቃል የልጅ ነገር ያደርገዋል፤ የአንተን ግን አይጥልም። ቤት ሲሆን አትደውል፤ ወሬ ያስለውጥሃል። ግራፉን አብሬ ልኬልሃለሁ። ሰኞ ወይም ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደውልለት፤ የጂዳና የእኛ ሰዓት እንደሁ እኩል ነው። ያኔ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ዓይኑን በእጁ ከልሎ ብቻውን ተቀምጧል።

አፍናንን አቅፈህ ሳምልኝ። ሕፃኑን ግንባሩን ሳምልኝ። እማማ እንደ አሸዋ የበዛ ሰላምታ ልካለች፤ ዱዓዋም አይለይህ። አባባም፣ ለነቢል ሰላም በይልኝ፤ እኔ ደህና ነኝ በይው ብሎኛል። ሰላምታውን ብቻ ተቀበል።

እህትህ ሀጀራ ፈዲሉ
አምቦ፣ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.