በውሃ ልክ የለካሁት መንገድ

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ፤

ከሁሉ በፊት ጤናህን ልጠይቅ። ራስህ እንዴት ነህ? ወገብህስ? ያ እግርህ ጠዋት ጠዋት ስትነሳ አሁንም ያስቸግርሃል ወይስ ሙቀቱ ሲመጣ ተሻለው? የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነላት? ጠብታውን በሰዓቱ ታደርጋለች ወይስ እንደ ልማዷ ነገ ነገ ትላለች? እኔና ባለቤቴ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን ነገር የለም። እሱም ሊቃለል ነው። ሰኔ ላይ እመጣለሁ ያልክበት ደብዳቤ ከደረሰኝ ጀምሮ የምሆነውን አጥቻለሁ።

ግን አንዲት ነገር ጽፈሃል፤ እሷ ከነከነችኝ። የትም አትውሰዱኝ፣ እግሬ አይሆንም፣ መስኮት ዳር ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን ባይ ይበቃኛል ብለሃል። እንዴት ነው ነገሩ ጋሼ? ዘጠኝ ዓመት ጠብቄህ መስኮት ላሳይህ? ደግሞ የኛ መስኮት የሚያሳየው የጎረቤትን የተሰጣ ልብስ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሳላማክርህ አንድ ነገር አቅጃለሁ። ብትቆጣም ተቆጣ፣ ግን ጨርሰህ አንብበው። ከዚህ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ርቆ ሐይቅ አለ። በዳሩ ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረ መንገድ አለ፤ ሐዲዱ ተነስቶ አሁን እግረኛ ብቻ ነው የሚሄድበት። ባቡር ደግሞ እንዳንተው ነው፣ ዳገት አይወድም። ቦርሳችንን አዝለን በመጀመሪያው ቀን ስድስት ኪሎ ሜትር እንሄዳለን፣ ውሃው አጠገብ ድንኳን ተክለን እናድራለን፣ በማግስቱ አራት ኪሎ ሜትር ሄደን በወዲያኛው ጫፍ አውቶቡስ እንይዛለን። ይህን የነገረኝ አብሮኝ የሚሠራ ቀለም ቀቢ ነው። መጀመሪያ ሲያወራኝ፣ አልጋ እያለው መሬት ላይ ሊተኛ የሚሄድ ሰው የቀለሙ ሽታ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ነው ብዬ ነበር።

መንገዱ ሜዳ ነው አለኝ። እኔ ደግሞ ሜዳ የተባለውን ሁሉ አላምንም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ውሃ ልክህን ይዤ ሄድኩ። አዎ፣ ስንለያይ የሰጠኸኝን፣ ጫፉ የተሰነጠቀውን። በየመቶ እርምጃው ቁጢጥ እያልኩ መሬቱ ላይ አጋደምኩት። ሁለት አዛውንቶች ቆመው አዩኝና ምን ጠፍቶህ ነው አሉኝ። ወንድሜ ሊመጣ ነው አልኳቸው። እርስ በርሳቸው ተያይተው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከድልድዩ በፊት ሃያ እርምጃ የምትሆን ዳገት አለች፣ ከሷ በቀር ክፉ ቦታ የለውም። ከሥሯ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ አርፈን፣ ሻይ ጠጥተን፣ ከዚያ እንወጣታለን። በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር ብንሄድ ማን ይከሰናል? ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል።

ሸክሙ የኔ ነው። ድንኳኑ፣ ፍራሾቹ፣ ምድጃው፣ ድስቱ፣ ሁሉም። የሐይቁ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣም፤ ስለዚህ ጋዙን አብዝቼ እይዛለሁ። እችለው እንደሆነ ለማየት ሃያ ኪሎ የሴራሚክ ማጣበቂያ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ሦስት ቅዳሜ ተመላለስኩ። ባለቤቴ፣ የሰው ባል አበባ ይዞ ይገባል፣ የኔው ማጣበቂያ አንሸራሽሮ ይመጣል ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አሳቀችብኝ። አንተ የምትይዘው ምርኩዝህንና የውሃ ኮዳህን ብቻ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ ደግሞ ከቀለም ቀቢው ጋር ለሙከራ አደርን። ድንኳኑ የሱ ነው፣ ቦታውን የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ። እሱ ትንሽ ዘንበል ያለውን አሳየኝ። እኔ እምቢ ብዬ ሣሩን በውሃ ልክ ስለካ አመሸሁና አረፋዋ ልክ መሃል ላይ የምትቆምበትን አገኘሁ። ወንድሜ እዚህ እንደ ጠረጴዛ በተስተካከለ መሬት ላይ ይተኛል አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ። ሊነጋጋ ሲል ዝናብ ጣለ። ውሃው መሄጃ አጥቶ ከኛው ጋር ተኛ። ቀለም ቀቢው ካልሲውን እየጨመቀ፣ ለሰው ሲሆን የሻወር ቤቱን ወለል ለውሃ መውረጃ ታዘነብላለህ፣ ለራስህ ሲሆን ጠፋህ? አለኝ። ወለል ጣት ያህል ካላዘነበለ ውሃ ያድርበታል ብለህ መጀመሪያ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ? ሳቄ መጣ።

ይህ ሁሉ መለካት ከየት እንደመጣብኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጋሼ፣ እግርህ በተጎዳበት በዚያ ቀን የወደቅክበትን መወጣጫ የሠራሁት እኔ ነኝ። ጣውላውን ያስቀመጥኩት በዓይኔ ገምቼ ነው። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ውሃ ልኩ እግሬ ሥር ባልዲው ውስጥ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ማንሳት ታከተኝ። ስትወጣበት አዘነበለ። አንተ ግን ሆስፒታል ተኝተህ፣ ለፎርማኑም ለእማዬም ጫማዬ ረጥቦ አዳለጠኝ አልክ። ጫማህ ደረቅ ነበር። ያወለቅኩልህ እኔ ነኝ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ስንለያይ ውሃ ልክህን እጄ ላይ አስቀመጥክልኝ፣ ስለዚያ ቀን ግን ቃል አልተነፈስክም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ወለል ሳስተካክል ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ሲበላኝ ኖሯል።

ይቅር በለኝ ወንድሜ። ስትመጣ ፊት ለፊት ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን እንግድነት ይዞህ እሺ እንድትለኝ አልፈለግኩም። ይህን አንብበህ ከመስኮቱ አልነቃነቅም ብትልም ወንበሩን አዘጋጅልሃለሁ፣ ቅር እንደሚለኝ ግን አልደብቅህም። እሺ ካልክ አዲስ ቦታ መርጫለሁ፤ ከውሃው ሁለት መቶ እርምጃ ከፍ ብሎ፣ ጣት ያህል ወደ ሐይቁ ያዘነበለ። ካስማ ከመምታቴ በፊት ውሃ ልኩን ለአንተ እሰጥሃለሁ። ያን ቀን ማለት የነበረብኝን እላለሁ፦ ጋሼ፣ እስቲ አንተ እየው።

እትዬን፣ ባልሽን ለሦስት ሳምንት ስለምትለቂልን እናመሰግንሻለን በልልኝ። ሚጡን ጉንጯን ሳምልኝ፤ አሁን ሳትንጠራራ የበሩን መቀርቀሪያ ትደርስበታለች አሉ። ባለቤቴ ሰላም ብላሃለች፤ ላንተ የሚሆን ወፍራም ካልሲ ገዝታ ደብቃለች፣ እንዳላወቅክ ሁን። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ደብዳቤውን ስታነብላት ደግሞ፣ ስለ ጫማህ የጻፍኩትን እንዳትዘልባት።

ታናሽህ

ከሦስተኛ ፎቅ፣ ልብስ ከሚሰጣበት መስኮት አጠገብ
ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ፲፬ ቀን