የአጎታችን በር

ውድ እህቴ ኢሽቤል፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያስቃስትሻል? ደግላስን ሳሉ ለቀቀው? ኢዮና ፈተናዋ እንዴት ሆነላት? እናንተ ዘንድ፣ በምድር ግርጌ፣ ብርዱ ሲገባ እዚህ ፀሐይዋ አልጠልቅም ብላለች። እኔ ከንዴቴ በቀር ደኅና ነኝ።

ወደ ደሴቱ ያሻገረችን መርከብ ዘገየች፤ ይቅርታ የጠየቀን ግን የለም። አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፈው መንገድ ላይ ጎብኚዎች መተላለፊያውን ዘግተው በግ ፎቶ ያነሳሉ። ሞይራ፣ ያቺ ምስኪን ሚስቴ፣ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ማረፊያው ቀረች። ስነጫነጭባት ጊዜ፣ ሂድና ከባሕሩ ጋር ተጣላ ብላ ብቻዬን አስወጣችኝ።

በምዕራቡ ዳርቻ ስሄድ ሜዳው በሙሉ አበባ ነበር፤ ቢጫው ከነጩ ተደባልቆ እስከ አሸዋው ይወርዳል። እግሬ ይሁን ልቤ እንጃ፣ ሳላስበው የአባባ መንደር ደረስኩ። እንደማትወጂ አውቃለሁ። አባባና አጎታችን ሩሪ በአያታችን ጀልባ ውርስ ተጣልተው ሳይታረቁ መቅረታቸውን፣ ሩሪም ለአባባ ቀብር አለመምጣቱን አልረሳሁም። ደጁን እንዳትረግጥ ብለሽኝ ነበር። ረገጥኩት።

አንኳኳሁ። ጭሱ ይወጣል፣ ሬዲዮው ይሰማል፣ መልስ ግን የለም። ደገምኩ። ሬዲዮው ጭራሽ ድምፁ ከፍ አለ። ደሜ ፈልቶ ወደ ባሕሩ ወረድኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በትክክል መናገር ይቸግረኛል፤ ዕድሜዬን ካርታ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ግን ያን ቀን ዳር ድንበር ጠፋብኝ። ባሕሩ ሸሽቶ እርጥቡ አሸዋ ሰማዩን ይዞ ነበር፤ ደመና ላይ የምራመድ መሰለኝ። ድንጋይ ላይ የተጋደሙ አቆስጣዎች፣ እነዚያ የባሕር አውሬዎች፣ አንገታቸውን አቅንተው አዩኝና እንደ ሰው አንጎራጎሩ። ቁጣዬ መንገድ ላይ እንደ ወደቀ ጓንት የት እንደ ቀረ አላወቅኩም።

በጎቿን ልትሰበስብ የመጣች ፔጊ የምትባል አሮጊት አጠገቤ ቆመች። እዚህ አገር ሰው ስም አይጠይቅም፤ እሷም፣ የማን ልጅ ነህ አለችኝ። የሩሪ ወንድም የኒል ልጅ ነኝ አልኳት። አረማመድህ ነግሮኛል ብላ ሩሪን አየኸው ወይ ስትለኝ፣ አንኳኩቼ እንዳልከፈተልኝ ነገርኳት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

"አንኳኳህ? እዚህ የሚያንኳኳው ቄሱና የመንግሥት ሰው ነው፤ ሩሪ ደግሞ ከሁለቱም ይደበቃል። የቤት ልጅ ገፍቶ ይገባል እንጂ ያንኳኳል እንዴ፣ አንተ የከተማ ሰው።"

ተመልሼ ገፍቼ ገባሁ። ሩሪ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀምጧል። ሳይዞር፣ ዝጋው፣ ብርድ አታስገባ አለኝ። ከዚያ ዞሮ አየኝ። እኔ ስንት ዓመት የቋጠርኩትን፣ ወንድምህን ለምን አልቀበርክም የሚለውን ጥያቄ አወጣሁት።

"መቃብሩን በገዛ እጄ ቆፍሬ ጠበቅኩት" አለኝ። "የዚህ ደሴት ልጅ የትም ይሙት፣ ሬሳው ወደ አገሩ ይመጣል። መርከቧ በመጣች ቁጥር ወደብ ወረድኩ። አላመጣችሁትም። ኋላ አፈሩን መለስኩበት።"

እቴ፣ ያኔ አንቺም ሳትርቂ፣ እኛ ግላስጎው የቀበርነው ቅርባችን ይሁን ብለን ነበር። አልመጣም እያልን ስናማው፣ እሱ አላመጡልኝም ሲል ኖሯል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሻይ ቀድቶ ሰጠኝ፤ መራራ ነው፣ ጠጣሁት። ስወጣ በሩ ላይ፣ "ትልቋስ? አሁንም እንደ ተቆጣች ናት?" አለኝ። አልመለስኩለትም። እሱን መመለስ ያንቺ ነው፤ ሰውየው ደግሞ አርጅቷል።

ደግላስን በብርቱ ሰላም በይልኝ፤ ሲጋራውን ይተው። ኢዮናን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ሞይራ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ትናፍቅሻለች። አጎታችን ሰላምታ አልላከም፤ ሰላምታ በወረቀት አይላክም ይላል።

ወንድምሽ ላክላን
ኖርዝ ዩስት ደሴት፣ ጁን 4 ቀን 2019